ያለ ችሎታ የተሰጠ ሹመት፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

(ከሳምንታዊው የቴሌቪዥን ትንታኔ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

 

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ከወትሮው ትንሽ ለየት ያለ ነው። ስለ ሥራ ቦታ፣ በተለይም በትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ስላለው የሹመት ነገር ነው የማነሳው። ችሎታ የሌለው ሰው ለምን አለቃ ይሆናል? ሥራውን የሚያውቀው ሰው ለምን ይታለፋል? ይህ ሲሆንስ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው? ነገሩ የመሥሪያ ቤት ሐሜት ሊመስል ይችላል። ግን ማን ይሾማል፣ በምን ይሾማል፣ ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል የሚለው ጥያቄ የቤተ መንግሥትም የፋብሪካም ጥያቄ ነው። እኔ በተማርኩት በፖለቲካ ሳይንስ ቋንቋ ይህ የሥልጣን ጥያቄ ነው።

በስደት የምንኖር ሰዎች ቡና ላይ ስንቀመጥ ይህ ወሬ ሳይነሳ አይቀርም። «አሥር ዓመት በሠራሁበት ቤት፣ እኔው ሥራ ያስለመድኩት ልጅ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ተሾመብኝ» የሚል ሰው በየከተማው አለ። በሆስፒታሉ፣ በሆቴሉ፣ በኤርፖርቱ፣ በመጋዘኑ፣ በባንኩ፣ በሶፍትዌር ኩባንያው ሳይቀር አለ። እኛም የምንሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ዘረኝነት ነው፣ በቃ» ይላል። ሌላው ደግሞ «አርፈህ እንጀራህን ብላ፣ አለቃ ሆነህ ምን ልትጠቀም ነው» ይላል። የመጀመሪያው መልስ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ስለ ሕጉ ኋላ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው ግን አደገኛ ምክር ነው። ያላግባብ የተሰጠ ሹመት የሚጎዳው የታለፈውን ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ምክር ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህ አስተሳሰብ ስህተት መሆኑን ነው። ሹመት በተበላሸበት ኩባንያ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እውነት ነው። ቀጥሎ የሚጎዳው ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የዚያን ኩባንያ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ደካማ አለቃ ከየት ይመጣል የሚለውን እንይ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። በ1969 ሎረንስ ፒተር የተባሉ ካናዳዊ የትምህርት ባለሙያ ከጸሐፊው ከሬይመንድ ኸል ጋር ሆነው «የፒተር መርህ» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው በያዘው ሥራ ጎበዝ ሲሆን ያሳድጉታል። በአዲሱም ጎበዝ ከሆነ እንደገና ያሳድጉታል። በመጨረሻ የማይችለው ሥራ ላይ ሲደርስ እድገቱ ይቆማል፤ እዚያው የማይችለው ወንበር ላይ ጡረታው እስኪደርስ ይቀመጣል። መጽሐፉ ለቀልድ ያደላ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ሦስት ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ በሆኑ ኩባንያዎች የሚሠሩ የሽያጭ ሠራተኞችን መረጃ አጥንተው ነገሩ ቀልድ ብቻ አለመሆኑን አሳዩ። ኩባንያዎቹ አለቃ የሚያደርጉት ብዙ የሸጠውን ሰው ነበር። ብዙ የሸጠው ሰው ግን አለቃ ሲሆን በሥሩ ያሉት ሠራተኞች ሥራ አሽቆለቆለ። ጥሩ የሚያርስ በሬ ስላለን እርፉን ለበሬው አናስጨብጠውም አይደል? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን በየዓመቱ ያስጨብጡታል።

ይህ እንግዲህ የዋሁ ዓይነት ነው። ክፋት የለበትም፤ ጎበዝን መሸለም ፈልገው ያለ ቦታው አስቀመጡት። ከዚህ የከፋ ሁለተኛ ዓይነት አለ። ሰውየው የሚያድገው ሥራ ስለሚያውቅ ሳይሆን ከበላዩ ያለው ሰው መስማት የሚፈልገውን ስለሚናገር ነው። ስብሰባ ላይ «ችግር የለም» ይላል። «በተባለው ቀን ይደርሳል» ይላል። የማይደርስ መሆኑን የሚያውቀው መሐንዲስ፣ ነርስ፣ ሜካኒክ እጁን ሲያወጣ ደግሞ «ይህ ሰው ከቡድኑ ጋር አይሄድም» ተብሎ ይጻፍበታል። በዓመቱ መጨረሻ እድገቱ የሚመጣው ለማን ነው? «ችግር የለም» ላለው ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች ይላሉ አባቶቻችን። ከላይ የሚይዘው ሰው ያለው አለቃም እንደዚያ ነው፤ ሥራው ቢበላሽ አይጨነቅም፣ ጌታው ቅር ካለው ግን እንቅልፍ የለውም።

ይህ ሁለተኛው በሽታ መጨረሻው የት እንደሚያደርስ ለማየት የምጠቅሰው ኩባንያ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የነካ ነው። ቦይንግ ነው።

ቦይንግ በ1916 በሲያትል የተመሠረተ፣ ለረጅም ዘመን የመሐንዲሶች ቤት ተብሎ የሚታወቅ ኩባንያ ነበር። በ1997 ማክዶኔል ዳግላስ የተባለውን ተፎካካሪውን በ13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በወረቀት ላይ ገዢው ቦይንግ ነው። ወንበሩን ካየን ግን የተገዛው ኩባንያ አለቃ የነበሩት ሃሪ ስቶንሳይፈር የቦይንግ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2003 ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ያዙ። ሠራተኞቹ «ማክዶኔል ዳግላስ ቦይንግን በቦይንግ ገንዘብ ገዛው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስቶንሳይፈር ራሳቸው በ2004 ለጋዜጣ ሲናገሩ፣ የኩባንያውን ባህል የለወጥኩት አስቤበት ነው፣ ታላቅ የምህንድስና ቤት ከመሆን ይልቅ እንደ ንግድ ድርጅት እንዲመራ ነው ብለዋል። ቀደም ሲል በ2001 ዋናው መሥሪያ ቤት ከሲያትል ወደ ቺካጎ ተዛውሯል። አውሮፕላኑ የሚገጣጠምበት ቦታና ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ከ1,700 ማይል በላይ ተራራቁ ማለት ነው። ከስቶንሳይፈር በኋላ የመጡት ጄምስ ማክነርኒ፣ ኋላ የመጡት ዴቭ ካልሁንም፣ እንደ ስቶንሳይፈር ሁሉ በጄነራል ኤሌክትሪክ ቤት ያደጉ ሰዎች ናቸው። ያ ቤት የሚታወቀው ወጪ በመቀነስና ባለአክሲዮኖችን ደስ በማሰኘት ነው። ከ2013 እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ቦይንግ የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ብቻ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

ወገኖቼ፣ ገንዘብ መቁጠር ወንጀል አይደለም። ኩባንያ ካላተረፈ ሠራተኛም ደሞዝ አያገኝም። ጥያቄው ሌላ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ሰው የሚያድገው ምን ሲያደርግ ነው?

በ2011 ተፎካካሪው ኤርባስ ነዳጅ የሚቆጥብ አዲስ አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ፣ ቦይንግ ከአዲስ ከመጀመር ይልቅ የድሮውን 737 አሻሽሎ ማክስ የተባለውን ለማውጣት ወሰነ። ትልልቅ ሞተሮች ተገጠሙለት። እነሱ ያመጡትን የበረራ ጠባይ ለማስተካከል ኤምካስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ገባ። ይህ ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚጫን ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው የአንድ ሴንሰር መረጃ ብቻ ተቀብሎ ነበር። አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ ላይ ስለሱ በቅጡ አልተጻፈም። ለምን? ኩባንያው ለደንበኞቹ «ድሮ 737 ያበረረ አብራሪ ማክስን ለማብረር ሲሙሌተር ውስጥ መግባት አያስፈልገውም» ብሎ መሸጥ ስለፈለገ ነው። ለሳውዝዌስት አየር መንገድ እንዲያውም የሲሙሌተር ሥልጠና ካስፈለገ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ልቀንስላችሁ ብሎ ተዋውሏል።

እስቲ በዚያ ቤት ውስጥ መካከለኛ አለቃ ብትሆኑ ብላችሁ አስቡት። ከሥራችሁ ያለ ሰው መጥቶ «አብራሪዎቹ መሠልጠን አለባቸው» ቢላችሁ፣ ያንን ቃል ወደ ላይ ይዛችሁ የምትወጡት መቶ ሚሊዮኖች የሚያስወጣ መርዶ ይዛችሁ ነው። በቀጣዩ ዓመት እድገት ከሚያገኙት መካከል ትሆናላችሁ? ማንም «ዋሹ» ብሎ መመሪያ መስጠት አያስፈልገውም። የሹመቱ ሥርዓት ራሱ ያስተምራል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በ2016 ቦይንግ የደህንነት ማረጋገጫ ሥራ በመንግሥት ስም የሚሠሩለትን የራሱን ባለሙያዎች ጠይቆ ነበር። መልስ ከሰጡት ውስጥ 39 በመቶው ያልተገባ ጫና እንደሚሰማቸው፣ 29 በመቶው ደግሞ ይህንን ቢናገሩ የሚከተለው ነገር እንደሚያሳስባቸው ገለጹ። በ2017 በሠራተኞች መካከል የተላለፈ፣ በ2020 መጀመሪያ ይፋ የሆነ መልእክት ደግሞ አለ። ይህ አውሮፕላን የተነደፈው በቀልደኞች ነው፣ ቀልደኞቹን የሚቆጣጠሯቸው ደግሞ ጦጣዎች ናቸው ይላል። አስተውሉ፤ ይህንን የጻፈው የኩባንያው ጠላት ወይም ጋዜጠኛ አይደለም። ከውስጥ ያለ ሰው ነው። ሠራተኛ ስለ አለቆቹ እንዲህ እያሰበ፣ ግን በስብሰባ ላይ ዝም የሚልበት ቤት ማለት መሠረቱ የተበላ ቤት ማለት ነው።

ዝም ያላለም ነበር። ኤድ ፒርሰን የተባሉ፣ ሬንተን በሚገኘው የ737 ፋብሪካ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩ ሰው፣ በ2018 ሰኔ ወር ላይ ለፕሮግራሙ ዋና ኃላፊ ጻፉ። ሠራተኛው በኦቨርታይም ደክሟል፣ ሥራው ከቅደም ተከተሉ ወጥቷል፣ ማምረቻው ለጊዜው ይቁም አሉ። በኋላ ለአሜሪካ ኮንግረስ በሰጡት ምስክርነት እንደተናገሩት፣ በጦር ኃይል ውስጥ ከዚህ ባነሰ ምክንያት ሥራ ሲቆም አይቻለሁ ብለው ሲከራከሩ የተሰጣቸው መልስ ጦር ኃይሉ ትርፍ የሚያገኝ ድርጅት አይደለም የሚል ነበር። ማምረቻው አልቆመም። ፒርሰን ጡረታ ወጡ።

ጥቅምት 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ጃቫ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 189 ሰዎች አለቁ። ያን ጊዜ እንኳ አውሮፕላኑ ከበረራ አልታገደም። ከአራት ወር ከግማሽ በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን 2019፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም እሑድ ጠዋት፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ማሳ ላይ ወደቀ። 157 ሰዎች። ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ ደግሞ 25 ዓመቱ ነበር።

አሁን የመጀመሪያ ጥያቄያችንን እንመልስ። ሒሳቡን የከፈለው ማነው? ከእነዚያ 157 ሰዎች ስንቱ የቦይንግን ስብሰባ ያውቃል? ስንቱ በዚያ ቤት ማን እንደተሾመና ማን እንደታለፈ ሰምቶ ያውቃል? ማንም። ሒሳቡ ግን የመጣው ለእነሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም የዚሁ በሽታ ምልክት ነው። ጥፋት ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥቅም ወደ ላይ ይወጣል። አደጋው በደረሰ በሁለት ወሩ አንድ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል በይፋ ስብሰባ ላይ፣ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ይቋቋሙት ነበር ብለው ተናገሩ። ይህ ሲባል የኢትዮጵያ የትራንስፖርት ሚኒስቴር የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ወጥቷል፤ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት ደጋግመው እንደሞከሩና አውሮፕላኑን ግን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ገልጿል። የሞተ ወጣት መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህ መውቀሱ ይቀላል። በሌላ በኩል ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙለንበርግ በ2019 ታኅሣሥ ወር ከሥራ ሲሰናበቱ በአክሲዮንና በጡረታ መልክ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይዘው ወጡ። ኩባንያው በ2021 ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በግለሰብ ደረጃ በወንጀል የተከሰሰው ግን አንድ የቴክኒክ አብራሪ ብቻ ነው፤ እሱንም ዳኞቹ በ2022 ነፃ አሉት። ከላይ ከተቀመጡት ሥራ አስኪያጆች አንድም ሰው ፍርድ ቤት አልቆመም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተረት ያገር ቤት ብቻ አድርገን ስናወራ ኖረናል። ይኸው አሜሪካም ውስጥ አገኘነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ሰዎች የቦይንግ ችግር የሒሳብ ሰዎች መሐንዲሶችን መተካታቸው ነው፣ በቃ ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሙለንበርግ ራሳቸው የበረራ ምህንድስና የተማሩ፣ በ1985 በተለማማጅነት ገብተው ደረጃ በደረጃ ያደጉ ሰው ናቸው። ዲግሪ አላነሳቸውም። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን ተማረ የሚለው አይደለም። ወደዚያ ወንበር በሚወስደው ደረጃ ላይ ምን ያሸልማል፣ ምን ያስቀጣል የሚለው ነው። ደረጃው መልካም ወሬ ይዞ የሚመጣውን እየመረጠ የሚያወጣ ከሆነ፣ ከላይ የሚደርሰው መሐንዲስም ቢሆን መስማት የተሳነው መሐንዲስ ይሆናል።

ለዚህም ነው ሰው ስለተቀየረ ብቻ በሽታው ያልዳነው። በሙለንበርግ ቦታ ካልሁን ተተኩ። በ2024 ጥር ወር ላይ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ 9 በ16,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ እያለ የጎኑ መዝጊያ ተነቅሎ ወጣ። መርማሪዎች ሲያዩት መዝጊያውን የሚይዙት አራት ብሎኖች ከፋብሪካ ሲወጣ አልታሰሩም። በፈጣሪ ቸርነት ሰው አልሞተም። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ባወጡት ሪፖርት፣ ስለ ደህንነት ከላይ የሚነገረውና ከታች ሠራተኛው የሚያየው ነገር እንደማይገናኝ ገለጹ። በ2024 ነሐሴ የተሾሙት አዲሱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኬሊ ኦርትበርግ መኖሪያቸውን አውሮፕላኑ በሚሠራበት በሲያትል አካባቢ ለማድረግ ወሰኑ። ቢዘገይም ትምህርቱ ገብቷል ማለት ይቻላል፤ የሚለካው ግን በመኖሪያ ቤት አይደለም፤ «ይቁም» ያለው ሠራተኛ በሚደርስበት ነገር ነው።

እንግዲህ የሌላውን ቤት ካየን የራሳችንንም እንይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ስናነሳ በኩራት ነው፤ ይገባናልም። ግን ይህ ድርጅት ለምን ቆመ? በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት የፖለቲካ ጣልቃ ገብነት ገብቶበት ወደ ኪሳራ አፋፍ ደርሶ ነበር። በ1980 ካፒቴን መሐመድ አህመድ ሲሾሙ ድርጅቱ እንደ ንግድ ቤት፣ በባለሙያ እንዲመራ ተደረገ። በዙሪያው ያለው አገር በሶሻሊዝም መፈክር ተሞልቶ፣ መንግሥት ከሶቪየት ጋር ተጣብቆ ባለበት ዘመን፣ አየር መንገዱ በ1984 የአሜሪካ ሥሪት የሆነውን ቦይንግ 767 ተረከበ። ባለሙያው በሥራው ላይ እንዲወስን ስለተተወለት ነው። በዚያው ዘመን ስንት ፋብሪካ፣ ስንት መሥሪያ ቤት ግን ሥራ በማያውቅ ካድሬ እጅ ወደቀ? ከደርግም በኋላ ቢሆን፣ የድርጅት አባልነት፣ ወንዝና ጎሣ ከሙያ በፊት ሲቆጠሩ ያላየ ማን አለ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ሹመት አደራ ሳይሆን ማዕድ ነው ብለን በቋንቋችን ውስጥ ጽፈን አስቀምጠናል። ያንን ተረት ከነመንፈሱ ይዘነው ተሰደናል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ስደት ላይ ያለነውም በየማኅበሩ፣ በየኮሚቴው፣ በየንግድ ቤቱ ሰው ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የማን ልጅ ነው?» ነው። ሒሳብ የሚያውቀውን አልፈን ዘመዳችንን ሒሳብ ያዥ እናደርጋለን። ጥያቄ የሚያበዛውን «ነገረኛ» ብለን እናገልለታለን። በባዕድ ኩባንያ ሲደረግብን የምናለቅስበትን በገዛ ቤታችን እናደርገዋለን። በሌላው ላይ ጣት ለመቀሰር አፍ የሚኖረን ይህንን ስናስተካክል ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁና። አሜሪካ ላላችሁ ይጠቅማል። አለቃህ ደካማ በመሆኑ ወይም ጓደኛውን በመሾሙ ብቻ ሕግ አይጠይቀውም፤ ይህንን ማወቅ ጥሩ ነው። የታለፍከው በዘርህ፣ በቀለምህ፣ በሃይማኖትህ፣ በጾታህ ወይም በትውልድ አገርህ ምክንያት ከሆነ ግን የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይከለክለዋል፤ ሕጉ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ቀጣሪዎች ይመለከታል። የንግግር ቅላጼህንም ምክንያት ማድረግ የሚቻለው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ሲሆን ነው። አቤቱታው የሚቀርበው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ሲሆን ጊዜው 180 ቀን ነው፤ የራሳቸው ተመሳሳይ ሕግና መሥሪያ ቤት ባላቸው ግዛቶች ወደ 300 ቀን ይረዝማል። ብዙ ወገኖቻችን «እስቲ ይሻሻል እንደሆነ» እያሉ ሲጠብቁ ቀኑ ያልፍባቸዋል። የአየር መንገድ ወይም የአውሮፕላን ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ የደህንነት ጉድለት በመጠቆማችሁ ከተቀጣችሁ በ90 ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ሚኒስቴር የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። በሁሉም ጉዳይ ግን ቀኑን፣ ቃሉን፣ የተባለውንና የተባለበትን ቦታ በጽሑፍ ያዙ፤ ጠበቃም አማክሩ። በዐረብ አገራት ያላችሁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ይህ ዓይነቱ ከለላ እንደማይደርስላችሁ አውቃለሁ። የመኖሪያ ፈቃዱ በአሠሪ እጅ በሆነበት ቦታ «አይሆንም» ማለት ምን እንደሚያስከፍል እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው ከእናንተ ከሚጠበቀው ይበልጣል።

ለመሆኑ ከእኛ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ሁሉም ሰው እንደ ፒርሰን ለኮንግረስ ይመስክር አልልም። የቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ እናት አለ። ሆኖም ግን ሦስት ነገሮችን ማድረግ ከአብዛኞቻችን አቅም በላይ አይደለም። ያላየነውን «አይቻለሁ» ብለን አለመፈረም፤ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ በሥራው አደጋ ስናይ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማሳወቅ። ሦስተኛው ደግሞ፣ በሥራችን ሦስት ሰውም ይሁን ሠላሳ ሰው ካለ፣ ክፉ ወሬ ይዞልን የመጣውን ሰው ማመስገን። በአንድ ቤት ውስጥ ማን እንደሚታመንበት የሚታወቀው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ማስታወቂያ አይደለም፤ «ተሳስተሃል» ያለውን ሠራተኛ አለቃው በማግሥቱ ከሚያደርገው ነው።

ሹመት የሚታለፍበት ሰው ቁስሉ ቁስል ነው፤ አላቃልለውም። በሙያህ ታልፈህ፣ በማታከብረው ሰው ሥር መሥራት ልብ ይሰብራል። ነገር ግን ከእንግዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ስታዩ «የኔ እድል ነው» ወይም «የሱ ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ሜካኒኩ፣ የሶፍትዌር ባለሙያው፣ ሾፌሩ፣ ሁላችንም የምንሠራው ነገር ጫፍ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው አለ። በዚያ እሑድ ጠዋት ቦሌ ላይ ቀበቷቸውን ያሰሩት ሰዎች፣ በሌላ ክፍለ ዓለም አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው «አይሆንም» እንዲልላቸው ያስፈልጋቸው ነበር። «አይሆንም» ያሉትም ነበሩ። የጠፋው እነሱን የሚሰማ አለቃ ነው።